ካፍ የወጣ ቁጥር

የኛ ሰው ዕቃ መጠበቅ ያውቅበታል። የዕድር ሳጥን አይታችሁ እንደሆነ ሦስት ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል፤ አንዱ ቁልፍ ሰብሳቢው ዘንድ፣ አንዱ ገንዘብ ያዡ ዘንድ፣ አንዱ ጸሐፊው ዘንድ ነው። ሦስቱ ካልተገናኙ ሳጥኑ አይከፈትም። የቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋትም አንድ ሰው ለብቻው ቁጭ ብሎ አይቆጥረውም። የባንክ ካዝና እንኳ በሁለት ሰው እጅ ነው የሚከፈተው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማኅተም የያዘ ሰውማ ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ እንኳ መሳቢያውን ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ፣ ኪሱን አንዴ ዳበስ አድርጎ ነው። («ማኅተም ያዡ ወጣ ብሏል» ተብላችሁ አግዳሚ ወንበር ላይ ግማሽ ቀን የተቀመጣችሁ ታውቁታላችሁ።)

ቁጥር መጠበቅ ግን አልሆነልንም። ያው ማኅተሙን እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቀው ሰውዬ የኮምፒውተሩን ፓስወርድ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ስክሪኑ ጥግ ላይ ለጥፎታል። ዓመት ፈቃድ ሲወጣ ለባልደረባው በስልክ ይነግረዋል፤ ባልደረባው ለተለማማጇ፤ ተለማማጇ ለማን እንደነገረች እግዜር ይወቅ። ኤቲኤም ሰልፍ ላይ ደግሞ ቁሙ፤ ካርዳቸውን ለማያውቁት ጎረምሳ ሰጥተው አራቱን ቁጥር ሰልፈኛው ሁሉ በሚሰማው ሹክሹክታ የሚነግሩ አባት አታጡም።

ይህን አይቼ ሕዝቡ ግድ የለሽ ነው የሚለውን አልቀበልም። እኒያ አባት የጎተራቸውን ቁልፍ ለዚያ ጎረምሳ አይሰጡም። ልዩነቱ ወዲህ ነው፤ ቁልፍ ሲሰጥ ከሰጪው እጅ ይጎድላል፣ ቁጥር ሲሰጥ ግን ምንም አይጎድልም። ያልጎደለ ነገር ደግሞ እንደ ተሰረቀ አይቆጠርም፤ ገንዘቡ ራሱ እስኪጎድል ድረስ።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ ለመጻፍ ነው። ፍላሽ ታክላለች፤ እንዲያውም ትሳሳለች። ከቤት ቁልፍ ጋር አብራ ተንጠልጥላ ትውላለች። ባትሪ የላት፣ ስክሪን የላት። ኢሜይላችሁን ወይም የመሥሪያ ቤታችሁን ሲስተም ስትከፍቱ ፓስወርዱን ትጽፉና እሷን ኮምፒውተሩ ላይ ሰክታችሁ በጣታችሁ ነካ ታደርጓታላችሁ። አለቀ። አንዳንዶቹን ስልክ ጀርባ ላይ ማስጠጋት ብቻ ይበቃል። ከሠሪዎቿ ስመ ጥሩ ዩቢኮ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ስዊድን ውስጥ የተቋቋመው ኩባንያ ነው፤ ዕቃዋንም ብዙዎች በሱ ስም «ዩቢኪ» ይሏታል። ጎግልም እ.ኤ.አ. በ2018 «ታይታን» የምትባል የራሱን አውጥቷል። እኔ በዚህ ጽሑፍ «ቁልፏ» እላታለሁ፤ ሥራዋም ስሟም ያው ነውና።

ይህች ዕቃ ለካሊፎርኒያ መሐንዲስ እንጂ ለኛ ምን ታደርጋለች ለሚል፣ ነገሩን ወደ አዊ ላምጣው።

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ስትሄዱ፣ አዲስ ቅዳምን ስታልፉ፣ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞ የቆመው ዛፍ ዲከረንስ ነው። የፋግታ ለኮማን ገበሬ ኑሮ የለወጠ ዛፍ ነው። በአራት በአምስት ዓመት ደርሶ ይቆረጣል፣ ይከሰላል፤ ከሰሉ በአይሱዙ ተጭኖ ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ ይገባል። ዋጋው ድሮ በመቀነት ተቋጥሮ ነበር የሚመጣው። አሁን በስልክ ይመጣል። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ አፍርቷል፤ ባንኮቹም ተከትለው ሒሳባችንን ኪሳችን ውስጥ ከተውልናል። መልካም ነገር ነው፤ በዚህ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ በበሩ መቆለፊያ ላይ ነው። ከሰል የሸጡ እናት ስልክ ይጮኻል እንበል፤ ወሬው ብዙ ጊዜ በዚህ መልክ ይሄዳል፦

«ሄሎ፣ እንደምን ዋሉ እማማ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ ማን ልበል ልጄ?»

«ከባንክ ነው እማማ። ሒሳብዎ ሊዘጋ ስለሆነ እያደስንልዎ ነው። አሁን በስልክዎ መልእክት ይገባል፤ ውስጡ ስድስት ቁጥር አለ። እሱን ይንገሩኝ።»

«ማንበብ የት አውቄልህ! ቆየኝማ፣ ልጁን ልጥራው።»

ልጁ ከጓሮ ይጠራል። የቤቱ ቋንቋ አገውኛ ነው፤ መልእክቱ ግን በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ነው የገባው። ልጁ ቁጥሩ ላይ ዓይኑን ጥሎ ጮክ ብሎ ያነባል፤ «ለማንም አይስጡ» የሚለውን ማስጠንቀቂያ ማን ይጨነቅበታል? እማማ እየተቀበሉ ወደ ስልኩ ይደግማሉ። የከሰሉ ዋጋ ሄደ።

በማግስቱ ቅርንጫፍ ሲሄዱ «ቁጥሩን አሳልፈው የሰጡት ራስዎ ነዎት» ይባላሉ። እዚህ ላይ ነው እኔ የምናደደው። የሰጡት እሳቸው ናቸው፤ ልክ ነው። ግን ይህን መቆለፊያ የመረጠው ማን ነው? ለባለቤቱ አንባቢ የሚያስፈልገው ምስጢር ምን ምስጢርነት አለው? በስልክ የሚላከው ኮድ ማንበብ ለሚችል፣ የመልእክቱን ቋንቋ ለሚያውቅ፣ ስልኩን ለብቻው ለሚይዝ ሰው የተሰፋ ልብስ ነው። አንድ ስልክ በጋራ በሚያዝበት፣ መልእክት በጎረቤት በሚነበብበት ቤት ስትጥለው በስፌቱ ይተረተራል። ከዚያ የተተረተረበትን ሰው መውቀስ ይመጣል። የባንኮቻችን የጥንቃቄ ማስታወቂያ ከዓመት ዓመት ያው «የምስጢር ቁጥርዎን ለማንም አይስጡ» የሚለው ነው። ምክሩ ስሕተት የለበትም፤ ግን በሩን በምክር መቆለፍ ነው። አባቶች «ካፍ የወጣ አፋፍ» ያሉት እኮ አፍ እንደማይቆለፍ ስለሚያውቁ ነው።

ቁልፏ ከዚህ የምትለየው የሚነገር ነገር ስለሌላት ነው። ምስጢሯ ውስጧ ባለች ቺፕ ላይ ተቀምጧል፤ ከዚያ አይወጣም፣ ባለቤቱም አያውቀውም። ልትገቡበት የፈለጋችሁት ድረ ገጽ በየጊዜው አዲስ ጥያቄ ይልካል፤ ቁልፏ በዚያ ምስጢር መልሱን ፈርማ ትመልሳለች። የዛሬው መልስ ለነገ አይሠራም። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ መልሱ ከድረ ገጹ አድራሻ ጋር የተቋጠረ መሆኑ ነው። ሌባ የባንካችሁን ገጽ አስመስሎ፣ ቀለሙንና ዓርማውን ገልብጦ፣ ከአድራሻው አንዲት ፊደል ብቻ ለውጦ ቢያቀርብላችሁ እናንተ ልትታለሉ ትችላላችሁ፤ እሷ ግን «ይህን አድራሻ አላውቀውም» ብላ ዝም ትላለች። ሰውዬው እንኳ ቢሞኝ መቆለፊያው አይሞኝም። ደዋዩ እማማን ለአንድ ሰዓት ቢለምናቸው የሚነግሩት ቁጥር የላቸውም፤ ያለቻቸው መቀነታቸው ላይ የታሰረች ቁራጭ ፕላስቲክ ናት። እሷን የፈለገ ፋግታ ድረስ ይምጣ!

ይህ የሻጭ ወሬ እንዳይመስላችሁ። ጎግል እ.ኤ.አ. ከ2017 መጀመሪያ አንስቶ ከ85 ሺህ የሚበልጡ ሠራተኞቹ በቁልፍ ብቻ እንዲገቡ አስገድዶ ነበር፤ በዓመቱ ሲጠየቅ ከዚያ ወዲህ በማታለል የተወሰደ አንድም የሠራተኛ አካውንት እንዳላገኘ ተናግሯል። ለኔ ከዚህ ይልቅ የሚያሳምነኝ የነሐሴ 2022ቱ (እ.ኤ.አ.) ነው። በዚያ ሰሞን አንድ ዓይነት የማታለያ መልእክት ለሁለት የአሜሪካ ኩባንያዎች ሠራተኞች ተላከ፤ ለትዊልዮ እና ለክላውድፍሌር። በሁለቱም ዘንድ የተታለለ ሰው ተገኘ። ክላውድፍሌር ራሱ እንዳመነው ሦስት ሠራተኞቹ የይለፍ ቃላቸውን ሐሰተኛው ገጽ ላይ ጽፈዋል። ትዊልዮ ተዘረፈ፤ የደንበኞቹ መረጃ ወጣ። ክላውድፍሌር ግን አልተነካም፤ ሠራተኛው ሁሉ ቁልፍ ነበረውና። እንግዲህ ኮምፒውተር ሙያቸው የሆኑ ሰዎች በአጭር መልእክት ከተታለሉ፣ የፋግታዋን እናት «ለምን ተታለሉ» ብሎ መቆጣት ምን ይሉታል?

ስለ ምቾቷ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ኮድ የጠበቀ ሁሉ ያውቀዋል፤ «ኔትወርክ የለም» ይባላል፣ ኮዱ ይዘገያል፣ ሲመጣ ጊዜው አልፏል፣ እንደገና ላክ ትላላችሁ፣ ሁለት ኮድ ተከታትሎ ይገባና የትኛው እንደሚሠራ ግራ ይገባችኋል። ቁልፏን መንካት የአንድ ትንፋሽ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ቢሮ እንግባ፤ በኔ ግምት ቁልፏ በአገራችን መጀመር ያለባት ከዚያ ነውና። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ይሁን የዳንግላ ወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት፣ የትኛውንም መሥሪያ ቤት ውሰዱ። የተማሪ ውጤት፣ የደመወዝ ፔሮል፣ የይዞታ መዝገብ ከዶሴ ወጥቶ ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው። በዶሴው ዘመን ውጤት የሚለውጥ ሰው ቢያንስ መዝገቡን መፋቅ ነበረበት፤ ፍቀቱም ይታያል። አሁን የሚያስፈልገው የሌላ ሰው ፓስወርድ ነው፤ ፓስወርድ ደግሞ ከላይ እንዳልኩት እንደ ሻይ ቤት ወሬ ይዞራል። ነገሩ ሲጋለጥ ባለ ፓስወርዱ «እኔ አይደለሁም፣ ለሥራ ብዬ ሰጥቼው ነበር» ይላል። እውነቱን ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ሊረጋገጥ አይችልም፤ ካልሆነም ያው ነው። እንግዲህ በዚህ ዓይነት አሠራር የሚጎዳው አንዳንዴ ንጹሑ ነው። ፓስወርዱን ለአለቃው ትእዛዝ አሳልፎ የሰጠ ጀማሪ ሠራተኛ ሰው ፊት ምን ይዞ ይቆማል?

ቁልፍ ግን ንብረት ናት። ለንብረት ደግሞ የኛ ቢሮክራሲ እንከን አይወጣለትም! ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19 ይገባል፣ ሲወጣ በሞዴል 22 ይወጣል፣ ተረካቢው ፈርሞ ይረከባል፣ ሲለቅ ክሊራንስ ዞሮ ያስረክባል። ለአንዲት ወንበር ይህን ሁሉ የምናደርግ ሰዎች የሺህ ተማሪ ውጤት ለሚከፍት ፓስወርድ አንዲት ብጣሽ ወረቀት አንፈርምም። ይህ ስንፍና አይደለም፤ የማይጨበጥ ነገር በሞዴል 22 ስለማይወጣ ነው። ቁልፏ ይህን ጨበጣ ትመልስልናለች። ለባልደረባዬ ብሰጣት እኔ እጅ የለችም፤ እኔ መግባት አልችልም፤ አለቃዬም ያያል። የተለመደው «እስቲ በስምህ ልግባ» ይከብዳል፤ ከነጭራሹ ባይጠፋ እንኳ እንደ ማኅተም መዋዋስ አስነዋሪና አስጠያቂ ይሆናል። ማኅተም ስንቶቻችሁ ተዋውሳችኋል?

እንግዲህ እስካሁን አሞገስኳት። አሁን ደግሞ ጉድለቷን ልንገራችሁ፤ አሞጋሾቿ የማያነሱት ስላለ።

አንደኛው ዋጋ ነው። ርካሿ ከ25 እስከ 30 ዶላር ትሸጣለች። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር መቶውን ብር አልፎ ሄዷል፤ ጠቢብ ደግሞ አንድ ሳይሆን ሁለት ይገዛል፣ አንዷ ብትጠፋ ሌላዋ እንድታስገባው። ሁለቱ ከ5 ሺህ ብር በላይ ናቸው። ለመሥሪያ ቤት ይህ የአንድ አበል ገንዘብ ነው፤ ለፋግታዋ እናት ግን የከሰሉን ዋጋ ለመጠበቅ የከሰሉን ዋጋ መክፈል ነው። እንደ ስልክ ካርድም በየሱቁ አትሸጥም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ይጠበቃል።

ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው። ቁልፏ ኢንተርኔት ትፈልጋለች፤ ስማርት ስልክ ወይም ኮምፒውተር ትፈልጋለች። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ሲዘጋ ለወራት ነው የዘለቀው። ያኔ አፕ የያዘ ሰው ስልኩን ታቅፎ ቀረ፤ የስልክ መስመር ባለበት ቦታ ተራ ሞባይል ይዞ *127# የሚደውለው ይሻል ነበር። በተራ ሞባይል የሚገለገለውን ገበሬ ቁልፏ እስካሁን አታውቀውም። ደግሞም መቆለፊያ የሚሠራው በሩ ሲቀበለው ነው፤ የባንክ አፖቻችን የሚጠይቁን ፒን እና በመልእክት የሚመጣ ኮድ ነው። ጎግል፣ ፌስቡክ፣ ማይክሮሶፍት ቁልፏን ይቀበላሉ። እንግዲህ አንድ የእንጅባራ መምህር ኢሜይሉን በዓለም በጠነከረው ቁልፍ ቆልፎ ደመወዙን በአራት አኃዝ ያሳድራል ማለት ነው።

ሦስተኛው፣ ቁልፍ በር ይጠብቃል እንጂ ግድግዳ አይጠብቅም። መጋቢት 6 ሌሊት ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ሲበላሽ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሌሊቱን ኤቲኤም ላይ ተሰልፈው የሌላቸውን ገንዘብ ሲያወጡ፣ ባንኩ ራሱ 801 ሚሊዮን ብር ያህል ያላግባብ እንደወጣ ሲናገር የማንም ቁልፍ አልተሰበረም። ሁሉም በገዛ ካርዱ በገዛ ፒኑ ነው የገባው። በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞችና ፖለቲከኞች ላይ የደረሰውም ሌላ ዓይነት ነው፤ የካናዳው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በ2017 እንዳጋለጠው የፍላሽ ማጫወቻ ማደሻ መስሎ በኢሜይል የመጣ የስለላ ፕሮግራም ኮምፒውተራቸው ውስጥ እንዲገባ ነበር የተሞከረው። ሰላይ አንዴ ቤት ውስጥ ከገባ የበሩ ቁልፍ ምን ይሠራል? «ልጅህ ታሟል፣ በዚህ ቁጥር ብር ላክ» ተብሎ በገዛ እጁ የሚልከውንም ሰው ቁልፏ አታስጥለውም።

ይህን ሁሉ አስቤም ሚዛኑ ወደሷ ያደላብኛል፤ በተለይ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ። በዚያ ዓመት አፕል፣ ጎግልና ማይክሮሶፍት በአንድ ቃል «ፓስኪ» የሚሉትን እናስፋፋለን ብለው ተነሱ። ነገሩ ያችው ቁልፍ ናት፤ ዕቃዋ ቀርታ ስልኩ ራሱ ቁልፍ ሆኖ ነው። በጣት አሻራ ይከፈታል፣ የሚነበብ ቁጥር የለውም፣ ሐሰተኛ ገጽ አያታልለውም፣ ዋጋም የለውም። ባለ ስማርት ስልኩ የዳንግላ ነጋዴ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ አዲስ ከሆነ ይህን ችሎታ ይዞ ነው የመጣው። የጎደለው ባንኩ መቀበሉ ብቻ ነው። ለባለ ተራ ሞባይሉ ደግሞ ምንም አዲስ ዕቃ ሳይገዛ የሚደረግ አለ፦ ሒሳብን በሌላ ስልክ ላይ መክፈት በተነበበ ኮድ መሆኑ ይቅርና ባለቤቱ ቅርንጫፍ ወይም ወኪል ዘንድ በአካል ሲቀርብ ብቻ ይሁን። አዎ፣ ሰልፍ ይረዝማል፤ ከገጠር ለሚመጣ ሰው ቀን ያቃጥላል። ግን ስልክ የሚለወጠው በዓመት ስንቴ ነው?

አንድ ነገር ግን ቁልፏን ለመግዛት ለሚያስብ መሥሪያ ቤት ሳልናገር አላልፍም፤ ስትጠፋ ምን እንደሚደረግ ከመግዛቱ በፊት ተጽፎ ይቀመጥ። መቼም ትጠፋለች፤ የማይጠፋ ቁልፍ የለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 የላስ ቬጋስ ሆቴሎችና ቁማር ቤቶች ባለቤት የሆነው ኤምጂኤም ሲመታ፣ በሰፊው እንደተዘገበው ሌቦቹ የሠራተኛ ስም ይዘው ወደ ኩባንያው የኮምፒውተር እርዳታ ክፍል ደወሉ፣ «መግባት አቃተኝ» አሉ፤ እርዳታ ሰጪው አመናቸው። እንጅባራ ላይም «ቁልፌ ጠፋችብኝ፣ ለጊዜው በፓስወርድ ብቻ አስገባኝ ወንድሜ» የሚል ስልክ መደወሉ አይቀርም፤ ደዋዩም ምናልባት አለቃ ነው። ስለዚህ ምትክ የሚሰጠው ለመጣ ሰው እንጂ ለደወለ ሰው አይሁን፤ መታወቂያ ይታይ፣ ሁለት ሰው ይፈርም፣ የጠፋችው ቁልፍ ከሲስተሙ ትሰረዝ፣ መጠባበቂያዎቹም እንደ ዕድሩ ሳጥን በሁለት ሰው ቁልፍ በሚከፈት ካዝና ይቀመጡ።